ተራችንን ጀባ ያልን ቀን

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገርና ቀለል ይበለኝ። ሰልፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ለመሳፈር ሰው ከሰው ኋላ የሚቆምበትን ያንን ሰልፍ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ያመጣሁት እኔ። አሁን አንዳንድ ሰው «አንተ ነህ አይደል?» እያለ ሲያፈጥብኝ «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ነው» የምለው ውሸቴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ዋና መንገድ አንድ ነው። ያችኑ አንድ መንገድ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ከባድ መኪና፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ፍየሉ፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ አንጠልጥሎ በመኪና መስኮት ሥር የሚሮጠው ሻጭና አስፋልት መሀል ቆሞ ዘመዱን የሚሳለመው ሰው ይጋራታል። የባሰው የመጨረሻው ነው። የወሎ ሰው ሰላምታ አጭር አይደለም። የሰውየውን ጤና፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የወለደችውን ላም፣ ያልወለደችውን ላም ጠይቆ እስኪጨርስ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ይቆማል። ሾፌሩ የእኛው አገር ሰው ከሆነማ ክላክሱን ትቶ አንገቱን በመስኮት ያወጣና እሱም ሰላምታው ውስጥ ይገባል።

ሱቄ አስፋልቱ ዳር ነው። ክላክስ በተጮኸ ቁጥር እጄ ይዘላል፣ ስፌቱም አብሮት ይዘላል። በክላክስ ምክንያት ያጣመምኩት የሱሪ እግር ቁጥር የለውም። ያለ ክላክስ ያጣመምኩትም አለ፣ እሱን ደንበኞቼ ይንገሯችሁ።

እናም የመንገዱን መጨናነቅ ለማቅለል ሕዝቡ ይወያይ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ቀድሜ ሄጄ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቀረበው ሐሳብ ጥሩ ነበር። ሚኒባሶች ከእንግዲህ አስፋልት ላይ ቆመው አይጭኑም፣ ከገበያው ጀርባ በተደለደለው ሜዳ ብቻ ይጭናሉ። ባጃጆች በቀጠና ይከፈላሉ፣ አረንጓዴ ምልክት የለጠፈ ከቢጫው ሰፈር አይገባም። ትርፍ መጫን ቀርቷል። ከከተማ ውጭ መንገድ ዳር ሰው ማንሳትም ቀርቷል። ሁላችንም አጨበጨብን። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት።

«አስተያየት ያለው?» ተባለ።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ከርሜ መመለሴ ነበር። አዲስ አበባ ሦስት ቀን የከረመ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ተነሣሁና «አዲስ አበባ ሰው ለታክሲ ይሰለፋል። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሳፈራል። ግፊያ የለ፣ ክርን የለ!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሲጨበጨብልኝ መቀመጥ ትቼ ጨመርኩበት፣ «ተራውን የለቀቀ ሰው ደግሞ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሂድ! አለዚያ ሥርዓት የሚባል ነገር አይኖርም!» አልኩ። ይችን ምን ብዬ እንደጨመርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች።

ተራ አስከባሪ ሆኖ የተመደበው እንድሪስ ነው። እንድሪስ በጎረምሳነቱ የሰፈር ኳስ ዳኛ ነበር፣ ፊሽካው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ቢጫ ሰደርያ ሲሰጡት ጊዜማ አለቀለት። ሰው ከመስመር ሲወጣ ፊሽካውን ነፍቶ ክንዱን ይዘረጋል፣ ወደ መጨረሻው የሚሰደደውን ሰው ደግሞ ከሜዳ እንደሚያስወጣው ተጫዋች በጣቱ ያሳየዋል። ይግባኝ የለም።

ግን አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። በግፊያው ጊዜ የእኛ ሰው እንደማንም ሰው ይጋፋል። በክርን የሚመታው ማንን እንደሆነ አያይምና ሰላም ነው። ሰልፍ ላይ ግን ከኋላህ የቆመው ሰው ፊት አለው። ዞር ትላለህ፣ ታየዋለህ። ከታየ ደግሞ ወይ አሮጊት ነው፣ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሕፃን አዝሏል፣ ወይ የአክስትህ ጎረቤት ነው። የወሎ ሰው እንዲህ ያለውን ሰው ከኋላው አቁሞ መኪና መግባት አልለመደበትም። አዲስ አበባ የሚሰለፈው ሰው ምናልባት ዞር አይልም ይሆናል፣ ይህንን በሦስት ቀን ውስጥ አላጣራሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እህቴ አንድ ልጅ አላት፣ ጀማል ይባላል። ሳውዲ ስድስት ዓመት ሠርቶ መጣና ሞባይል መጠገኛ ከፈተ። ውጫሌ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሩቅያ የምትባል ልጅ ስልኳን ልታሠራ መጥታ፣ ስልኩ ተሠርቶ አለቀ፣ እሷ ግን መምጣቷን አላቆመችም። ልጁ እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው።

አንደኛው ሼህ ሰይድ ናቸው፣ የሰፈራችን ዱዓ አድራጊ። ሁለተኛው መሪጌታ ፈንታው፣ የእህቴ ጎረቤት፣ ጀማልን በእጃቸው ያሳደጉ ሰው። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ቀድሞ በር የገባበት ቀን የለም ይባላል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሁለቱ ፊት ግን ልጅ ነኝ። እህቴ ስትልከኝ «አንተ ቁጥር ለመሙላት ነው የምትሄደው። አፍህን እንዳትከፍት!» አለችኝ። በስብሰባው የተናገርኩትን ሰምታለች።

ሁለት ጊዜ ሄድን። የሩቅያ አባት ሐጂ ይማም ውጫሌ ዳር የሚያርሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ተቀበሉን፣ አበሉን። ሼህ ሰይድ «የመጣንበትን ጉዳይ አላህ ያሳካልን» ብለው ረጅም ዱዓ አደረጉ። መሪጌታ «አሜን፣ አሜን» አሉና ከዱዓው የማያንስ ምርቃት መረቁ። እኔ በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ አጠገብ ተቀምጬ እበላ ነበር። ከዚያ ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ተወራ፣ ተነሣን። ሐጂ እሺም እምቢም አላሉም።

«መልስ አልሰጡንም» አሉ ሼሁ ስንመለስ።

«መልስማ በመጀመሪያው ቀን መች ይሰጣል?» አሉ መሪጌታ፣ «ወግ ነው እኮ።»

በሁለተኛውም ቀን እንዲያው ሆነ። በሁለተኛውም ቀን «ወግ ነው» ተባባሉ።

ሦስተኛው ቀን ግን የዋዛ አልነበረም። ሩቅያ ለጀማል ደውላ፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከደሴ ሌሎች ሽማግሌዎች እሷን ለሌላ ሊጠይቁ እንደሚመጡ ነገረችው። እኛ ደግሞ በዚያው ቀን ለአራት ሰዓት ቀጠሮ ነበረን። «ከእነሱ በፊት ካልተነገረ አለቀልኝ» አለ ጀማል። ዓይኑ ቀልቷል፣ የሰው ስልክ ፈታቶ መልሶ መግጠም ሁሉ አቅቶታል። ሲወጣ እህቴ ለብቻዬ ይዛኝ «በሰዓቱ አድርሳቸው። ሌላ ሥራ የለህም» አለችኝ። ከሐይቅ ውጫሌ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ኧረ ምን አለበት፣ እኔ አለሁ አልኩ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ደረስን። ሰልፉ ላይ ማንም የለም። አንደኛ ሼህ ሰይድ፣ ሁለተኛ መሪጌታ፣ ሦስተኛ እኔ። ኮራሁ! ያመጣሁት ሥርዓት ሲሠራ በዓይኔ አየሁ ብዬ እንድሪስን በጭንቅላቴ ሰላም አልኩት። እንድሪስ ሥራ ላይ ስለሆነ አልመለሰልኝም።

ከኋላችን ሰው ተሰበሰበ። ሚኒባሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። እንድሪስ ፊሽካውን ነፋና «አንደኛ ይግባ!» አለ።

ሼህ ሰይድ እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ከኋላ ሕፃን አለቀሰ። ዞር አሉ። በቃ፣ እዚያ ላይ ነው ያለቀው። ሕፃን ያዘለች ሴት አዩ።

«ነይ እናቴ፣ ቅደሚ» አሉ።

«ኧረ ሼሁ! እኔ እርስዎን ቀድሜ? አላደርገውም!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልዎት፣ አይሆንም!»

«ተራዬን ጀባ ብዬሻለሁ፣ ጀባ የተባለ ነገር ይመለሳል?»

አይመለስም። ጀባ ብለው የሰጡህን ነገር እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባች። መሪጌታም ሼሁ ሰጥተው እሳቸው ሳይሰጡ መግባቱ ደስ አላላቸውም መሰል፣ ሰልፉን በዓይናቸው ፈለጉና ከግሸን የሚመለሱ ዘንግ የያዙ አዛውንት አገኙ። «አባቴ፣ ይለፉ» አሉ። አዛውንቱ ደግሞ ከኋላቸው ያለውን ዓሣ ጫኝ «ልጄ፣ የአንተ ዓሣ ፀሐይ አይወድም፣ ቅደም» አሉት። ዓሣ ጫኙ «አፈር ስሆን አባቴ፣ ዓሣ እግር የለው የት ይሄዳል!» አለ። ሾፌሩ መሪውን ታቅፎ «በአላህ አንዳችሁ ግቡ፣ ነዳጅ ነው የሚቃጠለው» እያለ ለመነ። ሚኒባሱ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የገባለት አራት ሰው ነው።

እኔ የሾፌሩን ልመና ሰምቼ «እሺ እንግባ፣ ሼሁ፣ እንግባ» ስል እንድሪስ ከፊታችን ቆመ። ፊሽካው ጮኸ።

«ሼህ ሰይድ፣ መሪጌታ፣ ተራ ለቀዋል። ወደ መጨረሻ።»

«እንድሪስ፣ ምን ነካህ? እኛን እኮ ታውቀናለህ!» አልኩት።

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ» አለኝ፣ «ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

ሁለት ሽማግሌዎቼ ወደ መጨረሻ ሲሄዱ እኔ ብቻዬን ሚኒባስ ልግባ? ተከትዬ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ስንደርስ ደግሞ ከእኛ ፊት የነበሩት ሰዎች አፍረው «ኧረ ሼሁን ከኋላችን አቁመን!» እያሉ እየወጡ ከኋላችን መቆም ጀመሩ። እኛም ወደ ፊት ተገፋን። ጥሩ ነው እያልኩ ሳለ ሼሁ ዞር ብለው ሰዎቹን አዩዋቸው።

ወላሂ አንገታቸውን ብይዝላቸው በወደድኩ።

ሁለተኛው ሚኒባስ ሄደ። ሦስተኛው ሄደ። በየመኪናው እነዚያ ተራችንን የሰጠናቸው ሰዎች በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ይመርቁናል። «ዕድሜ ይስጥልን!» «አላህ የልባችሁን ይሙላላችሁ!» ይሉናል። ሼሁ «አሜን» ይላሉ። እኔም «አሜን» እላለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ። ሦስት ተኩል ሆኗል። ጀማል ደወለ።

«ደረሳችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን» አልኩት። ቆመን ነው እንጂ መንገድ ላይ መሆናችን እውነት ነበር።

አንድ ዘዴ መጣልኝ። «በባጃጅ ከከተማ ወጥተን፣ እዚያ የሚያልፈውን መኪና እንያዝ» አልኩ። አዎ፣ አጨብጭቤ ያጸደቅኩት ደንብ ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ባለ አረንጓዴው ባጃጅ ትንሽ ወሰደንና ቆመ።

«ምነው?»

«ቀጠናዬ እዚች ቦይ ላይ ያልቃል፣ ጋሼ።»

ወርደን ቦዩን ተሻገርን። ባለ ቢጫው ተቀበለን፣ የከተማው መጨረሻ ላይ አውርዶን ተመለሰ። ሦስታችን ጥላ በማትሆን ቁጥቋጦ ጥግ ቆመን እጃችንን ዘረጋን። ሚኒባሱ አለፈን። ሌላው አለፈን። አንዱ ሾፌር ሲያልፍ ትከሻውን ሰበቀና ጣቱን ወደ ከተማው ጠቆመ፣ ከሜዳው ተሳፈሩ ማለቱ ነው። ውስጡ ያ ዓሣ ጫኝ ተቀምጦ ነበር። አየንና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልን።

«እዩ፣ ያ ልጅ ሊደርስ ነው» አሉ መሪጌታ ደስ ብሏቸው፣ «ዓሣው ሳይበላሽ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ።

እኔ ብናገር ኖሮ ጥሩ ነገር አልናገርም ነበር።

በቢጫው ባጃጅ እስከ ቦዩ፣ በአረንጓዴው እስከ ሜዳው ተመለስን። እንድሪስ ሲያየን ፊሽካውን አልነፋም፣ ጣቱን ብቻ ወደ መጨረሻ ቀሰረ። አሁን እኔ ነቅቻለሁ። ሁለቱን ከፊቴ አቆምኩና ኮቴን አውልቄ በሁለት እጄ እንደ መጋረጃ ከኋላቸው ዘረጋሁት። ዞር ቢሉ የሚያዩት ጨርቅ ነው፣ እሱንም ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ! ወደ ፊት ተራመድን። አራት ሰው ቀረን። ሁለት ሰው ቀረን። በሩ ጋ ደረስን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሼህ ሰይድ!» አለ አንድ ድምፅ ከኮቴ ጀርባ።

ሰላምታ የማይመልስ ሼህ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሼሁ ኮቴን በአንድ ጣት ዝቅ አደረጉትና «ወአለይኩም ሰላም! አንተ! መቼ መጣህ?» አሉ። ሰውየው የታመመች እናቱን ደግፎ ይዟል። ከዚህ በኋላ የሆነውን ብተወው ይሻላል።

በመጨረሻ እንዴት ተሳፈራችሁ ብትሉኝ፣ ሰው አለቀ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዞር ብዬ ሳይ ከኋላችን ማንም የለም። የሐይቅን ሕዝብ በሙሉ ሸኝተን ጨረስን። ሼሁ ባዶውን ሜዳ ግራና ቀኝ ቃኙ፣ የሚሰጡት ሰው አጡ፣ ከዚያ በኋላ ነው የገቡት። እሱም ቢሆን በሩ ላይ ከመሪጌታ ጋር «ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» ተባብለው፣ በኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ለመግባት ሞክረው ትከሻ ለትከሻ ተያዙ። ከኋላ ገፋኋቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሽማግሌ ገፋሁ።

ገባን፣ ተቀመጥን፣ በሩ ተዘጋ። መኪናው አልተነሣም።

«ምን እንጠብቃለን?» አልኩ።

«እስኪሞላ ነዋ» አለ ሾፌሩ፣ «ሦስት ሰው ይዤ ውጫሌ ልሂድ?»

እንዲሞላ ደግሞ ሰው የለም። ሰውን ሁሉ ማን እንደሸኘው ታውቃላችሁ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሰው መጣ፣ ሞላ፣ ተነሣን።

ውጫሌ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከመኪናው ወርደን እየተጣደፍን ሐጂ ይማም በር ላይ ስንደርስ ነጭ መኪና ቆማለች። የደሴ የሚል ታርጋ አልነበራትም እንጂ የደሴ ሽማግሌዎች መኪና መሆኗን ልቤ ነገረኝ። ጀማል ፊቴ ላይ መጣብኝ፣ እህቴም መጣችብኝ።

ገባን። ሐጂ ይማም ከነትሕትናቸው ተነሥተው ተቀበሉን። ምንጣፉ ላይ ሦስት ነጭ የለበሱ የደሴ ሰዎች ተቀምጠዋል። እነሱም ተነሡ። ስድስት ሰው ቆሞ «ተቀመጡ»፣ «ኧረ እናንተ ተቀመጡ» ሲባባል ቆየ። እኔ ጫማዎቹ አጠገብ የለመድኩት ቦታ ሄድኩ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት እግር አየሁ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሩቅያ ናት። እንደ እኔው ተጨንቃለች።

የደሴዎቹ መሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ጥሩ ነገር ተናገሩ። «እናንተ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታችሁ እንደሆነ ሰምተናል። እኛ የዛሬ ነን። ጉዳያችሁን እናንተ አስቀድሙ» አሉ።

ነፍሴ መለስ አለች። ደግ ሰዎች! ሼህ ሰይድን አየኋቸው። ሼሁ ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ከጠዋት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«የለም» አሉ ሼሁ፣ «እናንተ የሩቅ መንገደኞች ናችሁ። እኛ ለዚች ለቅርብ መንገድ ምን ያስቸኩለናል? እናንተ ቅደሙ።»

«ትክክል ነው» አሉ መሪጌታ፣ «የሩቅ እንግዳ ይቅደም።»

«ኧረ አይሆንም!»

«በሞቴ!»

የደሴው ሽማግሌ «እንግዲህ በሞቴ ካላችሁን...» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ሐጂ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው እግር ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ብቻ ከጫማው መሀል ቆሜያለሁ፣ የሰው ጫማ ላይ ቆሜያለሁ፣ ድምፄ ደግሞ ስብሰባው ላይ የነበረው ድምፅ ነው።

«ተራው የእኛ ነው!» አልኩ።

ሼሁ ደነገጡ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተራው የእኛ ነው» አልኩ ዳግመኛ፣ «ከጠዋት ጀምረን ለሕዝቡ ሁሉ ተራ ሰጥተናል፣ ይችን ግን አንሰጥም። ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ መናገር አልተፈቀደልኝም። ልጅዎን ሩቅያን ለልጃችን ለጀማል ይስጡን። ይኸው ነው።»

ሐጂ ይማም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ «ተጠየቅሁ!»

«እንዴት?» አሉ ሼሁ።

«ሼሁ፣ ሁለት ጊዜ መጣችሁ። በላችሁ፣ መረቃችሁ፣ ስለ ጤፍ አወራችሁ፣ ሄዳችሁ። የመጣንበትን ጉዳይ አላህ ያሳካልን አላችሁ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። እንግዳን ለምን መጣህ ብዬ ልጠይቅ ነው? ልጄ ሹክ ብላኛለች። ታዲያ ያልተጠየቀ አባት ምን ብሎ ይመልስ? ልጄን ውሰዱልኝ ልበል?»

ሼህ ሰይድ ቀስ ብለው ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ አልተናገሩም እንዴ?»

«እርስዎን ቀድሜ?» አሉ መሪጌታ፣ «እኔ እኮ በዱዓው መሀል የተናገሩ መስሎኝ ነው አሜን ያልኩት።»

«እኔ ደግሞ ለእርስዎ መተዌ ነበር።»

የደሴው ሽማግሌ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ እኛንም አሳቁን። ሐጂ ይማም ግን አልጨረሱም። «ልጄ ፈቅዳለች። እኔም ፈቅጃለሁ። የደሴ ወንድሞቼ፣ ቅር አይበላችሁ» አሉ። የደሴዎቹ ሽማግሌ «እንዲህ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ጉዳዩን የማይናገር ሽማግሌ ያለው ቤት ክፋት የሚያውቅ አይመስለኝም። መርቀን እንሄዳለን» አሉ። አላህ ያክብራቸው፣ እንባዬ መጣ። ጫማ የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ።

እዚህ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጀማል ነው። አንስቼ «ሃሎ» ከማለቴ ሼህ ሰይድ እጄን ያዙኝ።

«አንተ አትንገረው። የምሥራች የታላቅ ነው። መሪጌታ ያሳደጉት ልጅ ነው፣ እሳቸው ይንገሩት።»

ስልኩን ለመሪጌታ ሰጠሁ። መሪጌታ «ኧረ ሼሁ እያሉ!» ብለው ለሼሁ ሰጧቸው። ሼሁ «የልጅቷ አባት ባሉበት እኔ ልቅደም?» ብለው ለሐጂ አቀበሏቸው። ሐጂ «እንግዶቼ ይንገሩት» ብለው ለደሴው ሽማግሌ ሰጡ። ስልኩ ምንጣፉን ዞረ። ከውስጡ ጀማል «ሃሎ? ሃሎ? አጎቴ? ምን አሉ?» ይላል፣ የሚሰማው ደግሞ «እርስዎ ይንገሩት፣ ኧረ በሞቴ እርስዎ» ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ባትሪው አለቀ።

ልጁ አሁን ሐይቅ ላይ ራሱን ስቷል ብዬ የሰው ስልክ ልለምን ስነሣ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ዝግ ያለ የልጅቷ ድምፅ ሰማሁ።

«አዎ» ትላለች በራሷ ስልክ፣ «እሺ ብለውሃል። አጎትህ ነው የተናገረው። ኧረ ጀማል፣ አታልቅስ በአላህ!»

ማንንም አልጠበቀችም። በሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረችው እሷ ነበረች፣ ቀድማን ገባች።